ለሥራ መመላለሻ ክሊፕለስ ፔዳል ያስፈልጋል? ከሲልቨር ስፕሪንግ ዲሲ መሃል

የማክዳ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራው ዲሲ፣ ከዩኒየን ስቴሽን ብዙም የማይርቅ ቢሮ ውስጥ። ከፀደይ ጀምሮ መኪናዬን አቁሜ በብስክሌት እየተመላለስኩ ነው። ስፖርተኛ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፣ የፓርኪንግ ክፍያ ነው ያባረረኝ። የምሄደው ሜትሮፖሊታን ብራንች ትሬል በሚባለው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ነው፣ ወደ 8 ማይል ወይም 13 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ብስክሌቴ ያገለገለ ሃይብሪድ ሲሆን ፔዳሉ አብሮት የመጣው ፕላስቲክ ነው። ደረቅ ቀን ምንም አይል፤ ሲዘንብ ግን ጫማዬ ይንሸራተታል። ሰሞኑን ዳገት ላይ ከኮርቻው ተነስቼ ስረግጥ እግሬ አምልጦኝ ፔዳሉ ቅልጥሜን ላጠው።

የሥራ ባልደረባዬ «ክሊፕለስ ግዢና ተገላገዪ» ይለኛል፤ ጫማው ፔዳሉ ላይ የሚቆለፍበትን ማለቱ ነው። እሱ ግን ቅዳሜና እሁድ ጠባብ ልብሱን ለብሶ ሩቅ አገር የሚነዳ ሰው ነው። አንድ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ ደግሞ ሻጩ ለምን እንደምፈልገው እንኳ ሳይጠይቀኝ ሥሩ ሦስት ብሎን የሚገባበት የውድድር ጫማ አወጣልኝ። አድርጌው ስነሳ የምራመደው በተረከዜ ብቻ ሆነ። አመስግኜ ወጣሁ።

አሁን የሚያስፈራኝ መብራት ላይ ነው። እግሬን ማላቀቅ ብረሳ መኪና ሥር አልወድቅም? ቢሮ ስደርስስ በዚያ ጫማ ምን ልሁን? አየሩ ሲከፋ ከፎርት ቶተን ሜትሮ የምይዝበት ቀንም አለ። በዚያ ላይ የግራ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ያመኛል፤ እግር ፔዳል ላይ መታሰሩ ያባብሰው ይሆን? ብስክሌቱን በእርግጥ ለሥራ የምትጠቀሙበት ሰዎች ብትመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

የጣና ዳር ልጅ፦

እህቴ፣ እኛ ባሕር ዳር በሸበጥም በኮንጎም እንነዳለን፣ ከኋላም ሰው እንጭናለን። ከተማው ሜዳ ነው፤ ዳገት ያማረው ቤዛዊት ድረስ መሄድ አለበት። ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ፊትሽ ቀጥ ሲል እግርሽ ተቆልፎ ተገኘ ማለት… እኔ እንጃ።

ከቀልዱ ውጪ ግን፣ ችግርሽ መንሸራተት ብቻ ከሆነ የፕላስቲኩን ፔዳል ንቀዪና ላዩ ጥርስ ያለው ሰፊ የብረት ፔዳል ግጠሚ። ጎማ ሶል ላለው ጫማ በዝናብም ይይዛል። ዋጋውም ከክሊፕለስና ከጫማው ድምር በብዙ ያንሳል።

ጋሽ ፔዳል፦

እንደምን ዋልሽ። የጣናው ልጅ እየቀለደም ቢሆን ነገሩን ነክቶታል፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እኔ ታኮማ ነኝ፤ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ስለምሠራ በአንቺው መንገድ ነው የምወርደው፤ አንቺ ወደ ቤትሽ ስትመለሺ እኔ ወደ ሥራ ነኝ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ እወዳደር ነበር። ያን ጊዜ የጫማችን አፍንጫ በብረት ቅንፍ ውስጥ ገብቶ በቆዳ ጠፍር ነበር የሚታሰረው። ለመውረድ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን በእጅ ማላላት ነበር፤ ሳያላላ የቆመ መሬቱን ይስማል። ሉክ የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የበረዶ ሸርተቴ ጫማ የሚያዝበትን ዘዴ ወደ ብስክሌት አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1984 አዲሱን ፔዳል አወጣ፤ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ በ1985 ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈበት። ሱቅ ያሳዩሽ ባለ ሦስት ብሎን ጫማ የዚያ ዘር ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን የተሠራው ከቤት ወጥቶ ሳይወርድ ወደ ቤት ለሚመለስ ሰው ነው። ሥሩ ያለው ክሊት፣ ማለትም ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው ቁራጭ፣ ትልቅ ፕላስቲክ ነው፣ ከሶሉ ወደ ውጭ ያበጠ፣ በእግር ሲሄዱበት ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

ላንቺ የሚሆነው ሺማኖ የሚባለው ኩባንያ በ1990 ያመጣው ኤስፒዲ የሚሉት ዓይነት ነው። ክሊቱ ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው፣ በሁለት ብሎን ይታሰራል፤ ጫማው የጎማ ሶል ስላለውና ክሊቱ በሶሉ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚደበቅ ሰው ሆነሽ ትራመጂበታለሽ። ሲሚንቶ ላይ አንዳንዴ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። አንድ ቦታ ብቻ ተጠንቀቂ፤ የሜትሮ ጣቢያዎቹ ወለል ያ ቀይ ባለ ስድስት ማዕዘን ሸክላ ነው፣ እርጥብ ሲሆን በተራ ጫማም ያንሸራትታል፣ ብረት ሲነካው ደግሞ ይብሳል። መቼም ብስክሌት ይዘሽ ኤስካሌተር አይፈቀድልሽም፣ በአሳንሰር ነው የምትወርጂው፤ እስከ አሳንሰሩ ድረስ እርምጃሽን ቀስ አድርጊው።

አሁን ወደ ዋናው። ባልደረባሽ «ፔዳሉን ወደ ላይ እየሳብሽ ተጨማሪ ኃይል ታገኛለሽ» ሳይልሽ አልቀረም። ሁሉም ይላል። ኃይሉ የሚመጣው ወደ ታች ከመርገጥ ነው። ሆን ብሎ ወደ ላይ መሳብ ለዚያው ሥራ ሰውነትን የበለጠ እንደሚያደክም በላቦራቶሪ ተለክቷል። ስለዚህ ፈጣን እሆናለሁ ብለሽ አትግዢው። የሚሰጥሽ ሌላ ነው። እግርሽ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጣል፣ ዝናብም ይሁን የተሰነጠቀ አስፋልት አያናጋውም፤ ዳገት ላይ ከኮርቻ ስትነሺ ደግሞ ያ ቅልጥምሽን የላጠው ነገር አይደገምም። እኔ የምወደው ለዚህ ነው። ሌሊት ደክሞኝ ስመለስ እግሬ የት እንዳለ ማሰብ አልፈልግም።

ግን መንገድሽን እዪው። ከብሩክላንድ እስከ ኖማ በባቡሩ ሐዲድ ጎን ነው የምትሄጂው፣ ብዙም የሚያስቆምሽ ነገር የለም፤ እዚያ ክሊፕለስ ጌታ ነው። ሰሜኑ በኩል፣ ሲልቨር ስፕሪንግና ታኮማ ላይ፣ መኪናና መገናኛ ይበዛል። ዲሲ ውስጥ ብስክሌተኛ ስቶፕ ምልክት ላይ መንገዱ ክፍት ከሆነ ቅድሚያ ሰጥቶ ማለፍ ይፈቀድለታል፣ እግርሽን ሳታወርጂ ማለት ነው። ድንበሯን አልፈሽ ሜሪላንድ ስትገቢ ግን ሙሉ በሙሉ መቆም አለብሽ። ታዲያ ግማሹ መንገድ አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይፈልጋል። ለዚህ የተሠራ ፔዳል አለ፤ አንድ ፊቱ ሜዳ፣ ማለትም የማይቆልፍ ተራ ፔዳል፣ ሌላው ፊቱ ኤስፒዲ። የሺማኖ ኢኤች 500 አንዱ ነው፣ እኔም የምነዳው በእሱ ነው። ጉድለቱን ልንገርሽ፤ የምትፈልጊው ፊት ሁልጊዜ ወደ ላይ ሆኖ አይጠብቅሽም። መብራት ሲበራ በጫማሽ አፍንጫ ገልበጥ ማድረግ አለብሽ፣ መጀመሪያ ያናድዳል። ነገር ግን ሠፈር ውስጥ በሜዳው ፊት፣ ትሬሉ ላይ ስትገቢ በሌላው ትሄጃለሽ። ቀሚስና የቢሮ ጫማ ያደረግሽ ቀንም ብስክሌቱ ቤት አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ክሊቱ። ከብዙ የኤስፒዲ ፔዳሎች ጋር የሚሰጠው ኤስኤች 51 የሚሉት ነው፣ ተረከዝ ወደ ጎን ሲዞር ብቻ ነው የሚለቀው። ያንቺ ኤስኤች 56 የሚባለው መሆኑን እዪ፣ ካልሆነ ለብቻው ግዢ። እሱ ወደ ጎንም፣ ሰያፍ ወደ ላይ ስትስቢም ይለቃል። ድንጋጤ ላይ ሰው እግሩን ወደ ላይ ነው የሚነቅለው፣ ስለዚህ ለጀማሪ ይኼ ነው የሚያድነው። ተወዳዳሪዎቹ «ሳልፈልግ ይለቀኛል» ብለው ይጠሉታል፤ ተያቸው፣ ዩኒየን ስቴሽን ለመድረስ የመጨረሻ ፍጥጫ የለም። ፔዳሉ ላይ ሞላውን የምታላላ ትንሽ ብሎን አለች፣ በ3 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ ወደ መቀነሻ ምልክቱ አዙሪያት፣ ግራና ቀኙን እኩል።

መውደቁን በተመለከተ። ሰው የሚወድቀው እየሮጠ አይደለም፣ ሊቆም ሲል ነው። ግድግዳ ይዘሽ ኮርቻው ላይ ተቀመጪና አስገቢ፣ አውጪ፣ አስገቢ፣ አውጪ፤ ሲጋራ በጫማው እንደሚያጠፋ ሰው ተረከዝሽን ወደ ውጭ አዙሪ። እግርሽ ሳያስብ እስኪያደርገው ድረስ ነው። ከዚያ ሣር ላይ። መንገድ ላይ መብራቱን ገና ከሩቅ ስታዪ አንዱን እግር አውጪ፣ ሁልጊዜ ያንኑ እግር። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይኼ ነው፤ ቀኝ እግርሽን አውጥተሽ ብስክሌቱ ወደ ግራ ካዘነበለ ያወጣሽው እግር ምንም አይሠራልሽም። ልትቆሚ ስትይ ክብደትሽ ወደ ነፃው እግር ይሂድ።

ጉልበትሽ። መጀመሪያ ክሊፕለስን ሳይሆን ኮርቻሽን ጠርጥሪ። ኮርቻ ሲያጥር ጉልበት ከፊት በኩል ያማል። ክሊቱን በተመለከተ፣ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጪና እግርሽን አንጠልጥዪው፤ የጫማሽ አፍንጫ በራሱ ወዴት እንደሚያይ እዪ፣ ክሊቱንም ለዚያው አቅጣጫ እሰሪው። ቀጥ ይበል ብለሽ በግድ ካስተካከልሽው ጉልበትሽ ይከፍላል። ከአውራ ጣትሽ ሥር ካለው የአጥንት ጉብታ ትንሽ ወደ ኋላ ይሁን። ኤስፒዲ ሳይለቅ ጥቂት ዲግሪ ወዲህ ወዲያ ያንቀሳቅሳል፣ ስለዚህ እግርሽ ድርቅ ብሎ አይታሰርም። አሁን ባለው ፔዳል እየነዳሽም የሚያምሽ ከሆነ ግን አስቀድመሽ ሐኪም አሳዪው።

የማክዳ እናት፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ከሱቁ ሰው ይልቅ የእርስዎ ገባኝ። የቢሮ ጫማዬን ጠረጴዛዬ ሥር ትቼ መምጣት እችላለሁ። ኮርቻዬን ሳየው እውነትም ዝቅ ብሏል፤ ቆሜ ሁለቱም እግሬ መሬት እንዲነካ ብዬ ነው ያወረድኩት።

ኮብልስቶን፦

ጋሼ፣ በአክብሮት ልቃወምዎት። እኔ ከጀሞ ሜክሲኮ ነው የምመላለሰው። ለቡ ድረስ የብስክሌት መስመር አለ፣ ከዚያ በኋላ እንደ ዕድልዎ ነው። ሚኒባስ ረዳቱ «ወራጅ አለ» ሲል ሦስተኛ ረድፍ ላይም ቢሆን ይቆማል፤ በአዲሶቹ የኮሪደር መንገዶች ላይም ብስክሌት መስመሩ ውስጥ እግረኛ አለ፣ ጋሪ የሚገፋ አለ፣ ፎቶ የሚነሳ አለ። እግሬን የማወርደው መብራት ላይ ብቻ ቢሆን በተሻለኝ።

ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስ ላይ የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን እኔንም ክሊፕለስ አማረኝ፤ ከውጭ አስመጥቼ ሞክሬዋለሁ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ክሊቱ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ፔዳሉም አይነክስም። ብረቷ ስታልቅ ደግሞ እንደገና ከውጭ የሚመጣ ሰው መለመን ነው። አሁን ወደ ሜዳ ፔዳል ተመልሻለሁ፣ ባለ ትናንሽ ብሎን ጥርሱን። ሶሉ ጠንከር ያለ ጫማ ካለ እግር ንቅንቅ አይልም። እርስዎ ራስዎ ፍጥነት አይጨምርም ካሉ፣ መንሸራተቱን ደግሞ ጥርስ ያለው ፔዳል ከከለከለ፣ ቀሪው ምንድን ነው? ልማድ ይመስለኛል።

ጋሽ ፔዳል፦

ልማድማ አለበት፣ አልክድህም። በጠፍር ታስሮ የጀመረ እግር ነፃ ሲለቀቅ ይፈራል።

ላንተ መንገድ ያልከው ትክክል ነው። እኔም ጀሞ ብሆን ሜዳውን ነበር የምመርጠው። ስለ ጭቃው ግን ሁሉም ፔዳል አንድ አይደለም፤ ክራንክብራዘርስ ኤግቢተር የሚባለው አራት ሽቦ ብቻ ስለሆነ ጭቃው ይወድቅለታል፣ ክሊቱ ግን ናስ ስለሆነ ከሺማኖ ብረት ቶሎ ያልቃል፣ እና የማስመጣት ችግርህን ያባብሰዋል። ስለዚህ ተወው።

ባለ ጥርሱ ፔዳል ላይ ግን አንድ ነገር ሳትናገር አለፍክ። እነዚያ ትናንሽ ብሎኖች ቅልጥም ካገኙ ይሰፋል እንጂ አይላጥም። እህታችን በፕላስቲኩ አንዴ ተልጣለች። ብስክሌቱን እየገፉ ደረጃ ሲያወርዱ ወይም አውቶቡስ ፊት ያለው መስቀያ ላይ ሲሰቅሉ ነው የሚያገኙህ። እሷ ሱሪ ለብሳ ቢሮ የምትገባ ሰው ናት። ቀሪው ምንድን ነው ላልከው፣ ዝናብ ላይ ማርሹን አቅልለህ ፔዳሉን በፍጥነት ስትመታ እግርህ እየዘለለ አለመሄዱ ነው። ሜዳ ፔዳል ላይ በፍጥነት ለመምታት እግርን ጫን ማድረግ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ከባድ ማርሽ ሊመርጥ፣ ጉልበቱንም ሊጎዳ ይችላል። ለእሷ ጉልበት ብዬ ነው የማደላው።

ሳባ ከፍራንክፈርት፦

እኔ ዓመቱን በሁለት ከፍዬዋለሁ፤ ማንም ስላላነሳው ልጨምር። ክሊቱ ብረት ነው፣ ከእግርሽ የሚለየው ስስ ሶል ብቻ ነው፤ ከዜሮ በታች ሲሆን ቅዝቃዜው በዚያ ነጥብ በኩል ይገባል። በረዶ ላይ ረግጠሽ ስትወጪ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ በረዶ ይጠጥራል፣ ፔዳሉ ላይ ሁለት ሦስቴ መትቶ ማራገፍ ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ መጋቢት በቦት ጫማና በሜዳ ፔዳል ነኝ፣ ሲሞቅ እቀይራለሁ። ሁለት ፊት ያለው ፔዳል ካለሽ መቀየሩም አያስፈልግሽም። ክሊት የሚገባበት ጫማ ስትገዢ ለወፍራም ካልሲ ቦታ ተዪለት፣ በጣም የጠበበ ጫማ ቅዝቃዜን ያባብሳል። በማሰሪያ ፋንታ ቬልክሮ ወይም እየዞረ የሚያጠብቅ ዲያል ያለው ቢሆን ይሻላል፤ ማሰሪያ በካቴናው በኩል ተጠምጥሞ አይቻለሁ። ማሰሪያ ያለው ከሆነም ጫፉን ውስጥ መክተት ነው።

የማክዳ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮብልስቶን፣ ክርክርህ ልቤን ከፍሎት ነበር፣ ስለ ቅልጥሜ የተባለው ግን አሸነፈኝ። ሁለት ፊት ያለውን ፔዳልና ባለ 56ቱን ክሊት አዝዣለሁ። ኮርቻውንም ከፍ አድርጌ ሁለት ቀን ነዳሁ፤ መቆሙ ቢያስፈራም ጉልበቴ ቀለል ብሎታል።

አሁን ደግሞ አሮጌውን ፔዳል ለማውጣት ስታገል የቀኙ ወጣ፣ የግራው ግን ባሌም ሞክሮ እንቢ አለ። ይባስ ብሎ የጠበቀ ይመስለኛል።

ጋሽ ፔዳል፦

ጠብቆ ነው፣ ባልሽ እያጠበቀው ነው! የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው። በ15 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ያዢና በሰዓት መቁጠሪያ አቅጣጫ አዙሪው፣ ያኔ ይፈታል። ካልሆነ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነክረሽ አሳድሪው፣ የቁልፉ እጀታ ረጅም ይሁን፣ ስትገፊም ቁልፉ ቢያመልጥ እጅሽ በማርሹ ጥርስ ላይ እንዳያርፍ ካቴናውን ትልቁ ማርሽ ላይ አድርጊው። አዲሶቹ ላይ ግራ መሆኑን የሚያሳይ ኤል ምልክት አለ፣ ተመልከቺው። ጥርሱን ግራሶ ቀቢ፣ በመጀመሪያ በጣትሽ አስገቢው፣ በጣት ካልገባ ጠማማ ነው የገባው፣ በቁልፍ አታስገድጂው፤ የፔዳሉ ክንድ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ጥርሱ ከተበላ የሚቀየረው ክንዱ ነው።

የክሊቱንም ብሎኖች ግራሶ ቀብተሽ በ4 ሚሊ ሜትር አለን ቁልፍ በደንብ አጥብቂ፣ ከ5 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ይላል ወረቀቱ። ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ እንደገና አጥብቂያቸው፣ ይላላሉ። አንዱ ብሎን ወድቆ ክሊቱ በአንድ ብቻ ከቀረ፣ ተረከዝሽን ስታዞሪ ክሊቱ አብሮ ይዞራል እንጂ አይለቅም። እንዲህ ከሆነብሽ ከፔዳሉ ጋር አትታገዪ፤ ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ ሌላኛውን እግር አውጥተሽ ወደዚያ ጎን ቁሚ፣ የጫማውን ማሰሪያ ፈትተሽ እግርሽን ከጫማው አውጪ፣ ጫማው ፔዳሉ ላይ ይቅር።